ያልገለጥኩት ሳህን

ሊይዙኝ የመጡት ቴርሞሜትሩ ቡሬ ውስጥ እንዳለ ነው።

ቡሬ ላም ነበረች። ጥቁርና ነጭ፣ ግማሽ ፈረንጅ ግማሽ ቦረና፤ ከአርባ ምንጭ ወጣ ብሎ አባያ ዳር በነበረው የወተት ላም እርባታ ውስጥ ከሁሉም አብልጬ የምወዳት። የእኔ ሥራ ላሞቹ የቆላውን ሙቀት ምን ያህል እንደለመዱት መለካት ነው። ጠዋት ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ከዚያም ከቀትር በኋላ አገሩ ሲግል ቴርሞሜትሩን ከጅራታቸው ሥር አስገብቼ የገላቸውን ሙቀት አነባለሁ። ቀጥዬ ጎናቸው ሲነፋና ሲሟሽሽ እያየሁ ትንፋሻቸውን እቆጥራለሁ። በቀትር ሙቀቷ ብዙም ያልጨመረ፣ ትንፋሿ ያልተጣደፈ ላም አገሩን ለምዳለች ማለት ነው። ያኔ እንዲያ ነበር የምለው።

ሁለት ፖሊሶች የበረቱ በር ላይ ቆመው ስሜን ጠሩ።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

"ጣቢያ ትፈለጋለህ።"

"ትንሽ ጠብቁኝ፣ ገና አልደረሰም።"

"ምኑ?"

"ሙቀቷ።"

ተያዩ። አንደኛው ሳቁን ዋጠ። ግን ጠበቁኝ፣ አልዋሽም። አንብቤ ስጨርስ ቴርሞሜትሩን ጠርጌ ኪሴ ከተትኩና ተከተልኳቸው።

ደጅ የቆመችው ፒክአፕ ላይ የእርባታው የእንስሳት ሐኪም ቀድሞኝ ተቀምጧል። ሁላችንም ዶክተር እንለዋለን። የጨንቻ ደጋ ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ሲስቅ ሰው ሁሉ አብሮት የሚስቅ። እኔም ከሌላ አገር የመጣሁ ደገኛ ነኝ፤ ቀልድ ስናገር ግን ሰው "ማለት?" ብሎ ይጠይቀኛል። ካቴና አንድ ብቻ ስለነበራቸው የእኔን ቀኝ እጅ ከእሱ ግራ እጅ ጋር አሰሩት።

መኪናው ሲነሳ ወተት የምትለካው ልጅ ከወተት ቤቱ ወጣች። የላንቴ ልጅ ነች፤ አባቷ ሙዝ አላቸው። እያንዳንዷ ላም ምን ያህል እንደታለበች የምትመዘግበው እሷ ነበረች። እኔ መስቀል ሳይደርስ ሽማግሌ ልልክባት አስቤአለሁ፤ ይህን ለማንም አልተናገርኩም፣ ለእሷም ጭምር። መስፈሪያውን ቆርቆሮ እንደያዘች ደጃፉ ላይ ቆማ አየችን። ወተቱ በእግሯ ላይ ሲንጠባጠብ እንኳ አላወቀችም። እኔና ዶክተር ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን ስለነበር ማንኛችንን እንደምታይ መለየት አልቻልኩም። ወዴት እንደሚወስዱኝ፣ ምን እንደሚያደርጉኝ ሳላውቅ፣ መንገዱን ሙሉ ያሰብኩት ይህንኑ ነው።

የተያዝንበት ጉዳይ ጥላ ነው። ነገሩ የሆነው በሰማንያዎቹ መጨረሻ አካባቢ ነው። ላሞቹ በቀትር የሚያርፉበት በሐይቁ ዳር የቆሙ ትልልቅ ዛፎች ነበሩን። ዛፎቹ ይቆረጣሉ፣ መሬቱም ለሌላ ሥራ ይሰጣል የሚል ትእዛዝ መጣ። ሠራተኛው ተሰበሰበ፤ ሰብሳቢው እኔ ነበርኩ። ለረጅም ጊዜ ማንም አፉን አልከፈተም። ከዚያ ዶክተር ተነሣና "ጥላውን የሚወስዱ ከሆነ ላሞቹንም አብረው ይውሰዷቸው" አለ። ከእሱ በኋላ አላቢው ተናገረ፣ ሣር አጫጁ ተናገረ፣ ዘበኛው ሳይቀር ተናገረ፤ አዳራሹ በጩኸት ተሞላ። ብዙም ሳይቆይ ያ ስብሰባ "ሕዝብ ማነሣሣት" ተባለ፣ እኛም "ጸረ ሰላም" ተባልን።

ቅናቴ ግን ከእስሩ በፊት የጀመረ ነው።

ቡሬ በዚያ ሰሞን በቀትር እንኳ ሙቀቷ አይጨምርም ነበር። ሌሎቹ ምላሳቸውን አውጥተው ሲያለከልኩ እሷ ጸጥ ብላ ትቆማለች። ደስታዬ ወሰን አጣ። ያገኘሁትን ለማውራት በረቱን ለቅቄ ስሮጥ ያገኘሁት ዶክተርን ነው። መጣና ቴርሞሜትሩን ሳያይ ግርግሙን አየ።

"አትበላም እኮ" አለኝ። "ላም የምትሞቀው የበላችው ሆዷ ውስጥ ሲፈጭ ነው። ይቺ መብላት ስላቆመች ነው የቀዘቀዘችው። ይሄ ለመደች አይባልም፣ ተወችው ነው የሚባለው።"

"ቴርሞሜትር አይዋሽም" አልኩት።

"መች ይዋሻል። የጠየቅከውን ብቻ ነው የሚመልስልህ።"

ወተት የምትለካው ልጅ ከኋላችን ቆማ ኖሯል። "ወተቷም ቀንሷል" አለች። የተናገረችው ስለ እኔ ላም ነው፤ ያየችው ግን እሱን ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱን አንድ ላይ ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይቃጠላል። ወተት ቤት ውስጥ ሲስቁ ከሰማሁ የጀመርኩት ቁጥር ይጠፋብኝና እንደገና እጀምራለሁ። ደህና አድርጌ ቀንቼ ነበር።

ያስገቡን ጣቢያው እስር ቤት ባደረገው የድሮ የጥጥ መጋዘን ውስጥ ነው። ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ ነው፤ መስኮት የለውም፤ ከጣሪያው ሥር ጠባብ ጠባብ ክፍተቶች ብቻ አሉት። በየስንጥቁ የተሰካው ብናኝ ጥጥ ነፋስ ሲመጣ ይረግፋል፣ ጢማችን ላይ ያርፋል። ገና እንደገባሁ የተቀበለኝ ሙቀቱ ነው። ሰዉ ሸሚዙን አውልቆ፣ አፉን ከፍቶ፣ ግድግዳውን ላለመንካት መሐል ተሰብስቦ ተቀምጧል። ልማድ ሆኖብኝ የአንዱን ጎን እያየሁ ትንፋሹን መቁጠር ጀመርኩ።

የክፍሉ አለቃ፣ በእስረኛው አጠራር ካቦው፣ በዕድሜ ገፋ ያሉ የአባያ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። በመረብ ጠብ ገብተው የከረሙ፣ ጋሞኛቸው የሚንቆረቆር፣ አማርኛቸው ግን ወንድና ሴት የማይለይ ሰው ናቸው። ሁላችንም አባባ እንላቸዋለን። አዲስ ገቢ ቦታው ከባልዲው አጠገብ ስለሆነ እኔንና ዶክተርን ጎን ለጎን አስቀመጡን። ከካቴናው ተፈታሁ እንጂ ከሰውዬው አልተላቀቅኩም።

ወዲያው ለምርመራ ጠሩኝ። ጥያቄው አንድ ነው፤ በስብሰባው ላይ መጀመሪያ የተናገረው ማነው? ዶክተርን የያዙት በጥርጣሬ ነው፤ ሰብሳቢው ስሙን ከጠራላቸው ግን ክስ ይመሠረትበታል። "አላስታውስም" አልኩ። መርማሪው የሲቪል ልብስ የለበሰ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር። "ታስታውሳለህ፣ ጊዜ አለን" አለና መለሰኝ።

እዚያ ቤት ጠያቂ አይገባም። የሚገባው ስንቅ ብቻ ነው። በምሳ ሰዓት በሩ ገርበብ ይላል፣ ስም ይጠራል፣ ሳህን ይገባል። ሰውን ስለማታየው ሳህኑን ታያለህ። የማን ቤት እንደተቸገረ፣ የማን ሚስት እንደታመመች፣ የማን እናት ከገጠር እንደመጣች በሳህኑ ይታወቃል። አባባ ሳህን ሲገባ ብቻ አይተው "ያንተ ሴትዮ ዛሬ ቸኩሏል" ይሉ ነበር፤ ደግሞም አይሳሳቱም።

በሁለተኛው ቀን የዶክተር ስም ተጠራ። ቤተሰቡ ጨንቻ ነው፤ መታሰሩን ገና የሰሙ አይመስለኝም ነበር። ተነሥቶ ሄደ። በሩ ላይ ያለው ፖሊስ የአገሩ ልጅ ነው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በጋሞኛ ረጅም ነገር ነገረው። ዶክተር ጎንበስ ብሎ ሰማ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አየኝ። ጋሞኛ አልችልም። ያን ጊዜ ያላወቅኩትን ቋንቋ ያህል የጠላሁት ነገር የለም።

ሲመለስ በአንድ እጁ በሙዝ ቅጠል የተሸፈነ ሳህን ይዟል። ነጭ፣ ጠርዙ ሰማያዊ። ወተት የምትለካው ልጅ ምሳዋን የምትበላበት ሳህን ነው፤ አንድ ጠርዙ ላይ ቀለሙ እንደተላጠ እንኳ አውቃለሁ። በሌላ እጁ የእኔን ፔርሙዝ ይዟል።

የእኔን። አረንጓዴ፣ ቡሬ ረግጣው ጎኑ የሰረጎደ። ቡሹ ስላለቀ በሙዝ ልጥ እየጠመጠምኩ ነበር የምከድነው። በተያዝኩ ቀን ወተት ቤት መደርደሪያው ላይ ትቼው ነው የሄድኩት። አሁን ልጡ የለም፣ ቡሹ በፌስታል ተጠቅልሏል።

ለእኔ ቁራሽ አልመጣልኝም። ለእሱ በእኔ ዕቃ መጣለት። በዕድሜዬ ብዙ ነገር ተወስዶብኛል፤ እንደዚያች ፔርሙዝ ያንገበገበኝ ግን የለም።

"ና፣ ብላ" አለኝ።

"ጠግቤአለሁ" አልኩት። ሆዴ ሲጮህ ሁለታችንም ሰማን።

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ሳህኑ መሐል ቀረበ፤ አባባና ሌሎቹ ጎረሱ። ፔርሙዙን ለአንድ ሳል ለጠናበት እስረኛ ሰጠው። ደግነቱንም ጠላሁት። የሰው ዕቃ ይዞ ይለግሳል አልኩ በልቤ። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ፣ በሌላውም ቀን። ስሙ ይጠራል፣ ፖሊሱ በጋሞኛ ያንሾካሹካል፣ እሱ ያንኑ ሳህን ይዞ ይመጣል። "ና፣ ብላ።" "ጠግቤአለሁ።" የእኔ ስም አልተጠራም። እሱ ሳህኑ ላይ የሆነ ነገር ቀረት ያደርግልኛል፣ ቆይቶ ዳግመኛ ይጠራኛል። በሳህኑ ውስጥ ምን እንዳለ አላውቅም። ከማይ ብሞት እመርጥ ነበር። ማኘኩን ግን ከሰው ሁሉ ለይቼ እሰማ ነበር፤ ቀስ ብሎ፣ እንደማይጥመው ሰው ነበር የሚያኝከው። ጠግቦ ነው፣ ቀብጦ ነው እል ነበር።

ኋላ ኋላ ጣቢያው የሚሰጠንን ዳቦም አልቀምስ አልኩ። ለማን ብዬ እንደሆነ አላውቅም። የቀናሁበትን ሰው ለመቅጣት የራሴን ሆድ አስራብኩ፤ የቀና ሰው ሒሳብ እንዲህ ነው።

ከዚያ አንድ ነገር ሆነ። ሙቀቱ አልሰማኝ አለ። በቀትር ቆርቆሮው ሲንጣጣ፣ ሰዉ ላቡን በእጁ እየገፈፈ ሲያለከልክ፣ እኔ ደረቅ ሆኜ ጸጥ ብዬ እቀመጣለሁ። አባባ ገርሟቸው መጥተው ግንባሬን ነኩት።

"አንተ ቆላ ለመደህ!" አሉ። "ደገኛ አትመስልም።"

ደስ አለኝ። ዶክተር አጠገቤ ተቀምጦ ላቡ ካገጩ ይንጠባጠባል።

"አየህ?" አልኩት።

"አየሁ" አለ። አልሳቀም። ያን ጊዜ የቡሬን ግርግም እንዳየ አድርጎ አየኝ።

በዚያው ሰሞን መርማሪው እንደገና ጠራኝ። ክፍሉ ውስጥ ቬንትሌተር ነበር። ነፋሱ ፊቴን ሲነካኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ለቅሶ አልነበረም፣ ድካም ነው። ሻይ አቀረበልኝ፣ አልነካሁትም።

"ከስተሃል" አለኝ። "ጠያቂ እንኳ የለህም ማለት ነው?"

የሻዩን እንፋሎት አየሁ።

"ጓደኛህ ግን በየቀኑ ይበላል። ሴት ናት አሉ የምታመላልስለት። በዚህ ፀሐይ ከላንቴ በእግሯ።" ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ አለ። "አየህ፣ አንተ የምትጠብቀው ሰው አንተን አይጠብቅህም። አንድ ስም ነው የምጠይቅህ። መጀመሪያ የተናገረው ማነው? ዛሬ ማታ ቤትህ ታድራለህ።"

የሰውን ሆድ የሚያውቅ ሰው ነበር። ስሙ ምላሴ ላይ መጣ፤ በእውነት መጣ። ብናገር ውሸት አይሆንም፤ መጀመሪያ የተናገረው እሱ ነው። እኔ እወጣለሁ፣ እሱ ይቀራል፣ ሳህኑ ይቋረጣል። ወተት ቤቱ በር ላይ ቆሜ ስገባ ታየኝ። መስፈሪያውን ከእጇ ስቀበላት ታየኝ።

ያቆመኝ ደግነት አይደለም። ዶክተርን በዚያ ሰዓት እጠላው ነበር። ብቻ የመርማሪውን ፊት ሳይ፣ ቅናቴን የራሱ ዕቃ አስመስሎ ጠረጴዛው ላይ ሲያገላብጠው ሳይ፣ ተናደድኩ። ቅናቱ የእኔ ነው። ጥሩም ይሁን መጥፎ የራሴ ነው፣ ለእሱ ሥራ አላውሰውም።

"አላስታውስም" አልኩ።

"ሰብሳቢ ሆነህ?"

"በመስኮት ላሞቹን እያየሁ ነበር።"

ሻዩን ከፊቴ አነሣና ዘበኛውን ጠራ።

ወደ መጋዘኑ ስመለስ በሩን እንዳለፍኩ ተዝለፈለፍኩ። የያዘኝ ዶክተር ነው። ተሸክሞ ከቦታዬ አስቀመጠኝ፣ የእጄን ደም ሥር ያዘ፣ ጎኔን እያየ ትንፋሼን ቆጠረ።

"ስንት ሆነ?" አልኩት፣ በዚያ ሰዓት እንኳ።

"ተወው ስንት ሆነ። እንደ ቡሬ ቀዝቅዘሃል።" ግራ ቀኝ አየ። ሰዉ ተኝቷል ወይም የተኛ መስሏል። ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ይሄን ሁሉ ቀን ሳህኑን አንድ ጊዜ ገልጠህ አይተኸዋል?"

"ምን አገባኝ የሰው ሳህን?"

ሳህኑን ጎትቶ ጉልበቴ ላይ አኖረውና ቅጠሉን ገለጠው። ድንች አልጫ ነው። ለስላሳ ዳቦ አለው። በርበሬ የሚባል ነገር አልነካውም።

"ዳጣ አለው?" አለኝ።

የለውም። ይህ ሰው ያለ ዳጣ፣ ያለዚያ የሚያቃጥል የቃሪያ ማባያ፣ አይበላም። እርባታው ውስጥ ከመርፌውና ከመድኃኒቱ ጋር የዳጣ ብልቃጥ በጋዋኑ ኪስ ይዞ እንደሚዞር ሁላችንም እናውቃለን፤ ዳቦውንም፣ ቆጮውንም፣ ዓሣውንም በዳጣ ነው።

"ፔርሙዙን ክፈተው።"

ከፈትኩት። የተፈላ ወተት ሸተተኝ።

"እኔ ወተት እጠጣለሁ?"

አይጠጣም። የወተት ላም ሐኪም ሆኖ ወተት ሆዱን የሚያመው እሱ ብቻ ነው እየተባለ ስንት ተስቆበታል። ጨጓራ ያለበት፣ በርበሬ የማይነካው፣ በቀትር ወተት ጠጥቶ የሚውለው እኔ ነኝ።

"በመጀመሪያው ቀን በአንተ ስም ነበር የመጣችው" አለኝ። "ስንቅ አይገባለትም ብለው መለሷት። በማግስቱ በእኔ ስም ጠየቀች፣ ገባላት። በሩ ላይ ያለው ልጅ ነው የነገረኝ። ካወቁበት እንጀራው ነው፤ እንዳልናገር በአባቴ አስማለኝ። ና ብላ ከማለት ሌላ ምን ልበልህ?"

ሳህኑን አየሁት። ድንቹ ተልጦ በልክ በልክ ተቆርጧል። ላሞች ስለካ የሚደክመኝን ያህል እሷም እዚህ ላይ ደክማለች። እስከ ዛሬ የደከመችበትን ሁሉ የበሉት ግን አባባና ሌሎቹ ናቸው።

ዶክተር ወዲያው አልተነሣም። እኔን ሳያይ ተናገረ።

"ያን ቀን መኪናው ላይ ሆነን ስታየን፣ እኔን መስሎኝ ነበር።"

ዞር ብዬ አየሁት።

"እዚህ ስሜ ሲጠራማ እንዴት ደስ እንዳለኝ አትጠይቀኝ። ከዚህ እስከ በሩ ድረስ ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት። በሩ ላይ ልጁ ነገረኝ።" በመዳፉ ላቡን ከፊቱ ጠረገ። "በስሜ ይመጣል፣ የእኔ አይደለም። በየቀኑ ሄጄ እቀበልልሃለሁ። በየቀኑ የአንተን ምሳ እበላለሁ፣ አንተ ግድግዳ ታያለህ። አንተ ነህ ደግሞ የምትቀናው?"

እጄን ዘርግቼ መብላት ጀመርኩ። ቀዝቅዟል፣ ጨው አንሶታል፣ እንደዚያ የጣፈጠኝ ምግብ የለም። እሱ ቀስ እያልኩ እንድበላ እጄን እየያዘ ያስቆመኛል። ወተቱን ጠጣሁ። ብዙም ሳይቆይ ላብ ከግንባሬ ፈሰሰ፣ ትንፋሼ ተጣደፈ፣ ከሌሎቹ ጋር አለከለክሁ። ዶክተር አየኝና ከታሰርን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። "አሁን ደህና ነህ" አለኝ።

ከመጠጫ ውኃዬ ቀንሼ ሳህኑን አጠብኩት። ከሙዙ ቅጠል አከርካሪ ላይ ልጥ ላጥኩና የፔርሙዙን ቡሽ እንደ ልማዴ ከቀኝ ወደ ግራ ጠመጠምኩት፣ ጫፉንም ከሥር ወተፍኩት። ዶክተር ሊያግዘኝ እጁን ሰደደ።

"እኔው ላስረው" አልኩት።

እጁን ሰበሰበ። ገብቶታል።

አባባ ከማዶ ሲያዩኝ ቆይተው "ምን ታስራለህ?" አሉ።

"እንዳይፈስ ነው።"

"ባዶ ነው እኮ፣ ልጄ!"

"አውቃለሁ፣ አባባ።"

በሩ ሲከፈት ያ የዶክተር አገር ልጅ ሳህኑንና ፔርሙዙን ተቀበለ። ልጡን አየው፣ እኔን አየኝ። ወሰደው።

በማግስቱ የዶክተር ስም ሲጠራ አብሬው ተነሣሁ፤ ከበሩ ሳልደርስ ቆሜ ጠበቅኩ። ፔርሙዙ መጣ። ፌስታሉ የለም። የጠመጠምኩት ልጥ ወጥቶ በእርጥብ ልጥ ተተክቷል። አጠማጠሙ የእኔ ነው፤ ቋጠሮው ግን የእኔ አይደለም፣ የሴት ቋጠሮ ነው። እዚያው እንደቆምኩ ያዝኩት። ከዚያ አባባ ዘንድ ሄድኩና ልጃቸው ካመጣችላቸው ዳጣ ትንሽ ለመንኩ። ሳህኑ ጠርዝ ላይ፣ በዶክተር በኩል፣ አደረግኩለት።

"ለእኔ ነው?" አለ።

"ለአንተ ነው።"

ከሳምንታት በኋላ ያለ ምንም ክስ ለቀቁን። ማን መጀመሪያ እንደተናገረ ለማወቅ ያ ሁሉ ድካም ለምን እንዳስፈለገ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ስንመለስ ዛፎቹ ተቆርጠው ጉቶአቸው ቀርቷል። ቡሬ ወተቷ ነጥፎ ተሽጣለች። ሐኪሙ ልክ ነበር። ከዚያ በኋላ በሠራሁበት ሁሉ መጀመሪያ ግርግሙን አያለሁ፣ ቀጥዬ መስፈሪያውን፣ ቴርሞሜትሩን የማወጣው በመጨረሻ ነው።

ሽማግሌዎቹን መስቀል ካለፈ በኋላ ላክኩ። ዛሬም እዚሁ አርባ ምንጭ ነን። ያን ቀን መኪናው ላይ ማንን ታይ እንደነበር ስንት ጊዜ ጠይቄአታለሁ። "ሁለታችሁንም" ትለኛለች። ይህ መልስ ነው? ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ "አንተን" ብትለኝ ምን ነበረበት?

ዶክተር ዘግይቶ አገባ፤ የሚኖረው ጨንቻ ነው። ቆላ በወረደ ቁጥር ምሳውን እኛ ቤት ይበላል፣ ልጆቻችን አጎቴ ይሉታል፣ ሚስቴ በቀልዱ ትስቃለች። አሁንም እቀናለሁ። እንደ ድሮው አያቃጥልም፣ ግን አለ፤ እንደ ጨጓራዬ አብሮኝ አርጅቷል።

ዳጣውን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ቃሪያውን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ዝንጅብሉን በሙቀጫ እወቅጣለሁ፤ ዓይኔ ያለቅሳል፣ እጄ ይቃጠላል። ሚስቴ "መቅመስ እንኳ የማትችለውን! አምጣ እኔ ልሥራው" ትለኛለች። አልሰጣትም። ቅናት ነው ትለኛለች፤ ልክ ናት፣ ቅናት ነው። በእሷ እጅ የተሠራ ነገር ለእሱ እንዲቀርብለት አሁንም አልፈልግም። ግን ሌላም ነገር አለበት፤ እሱን ለእሷ አልነገርኳትም።

ሳህኑን ሸፍኜ ፊቱ አስቀምጥለታለሁ። አጠገቡ ቆሜ እጠብቃለሁ። ክዳኑን ይገልጥና ጎንበስ ብሎ ያሸተዋል። ከዚያ ቀና ብሎ ያየኛል።

"የእኔ ነው" ይላል።